በግል ገንዘብ የሚሠራ የክፍያ መንገድና ድልድይ፦ ወጪውን በመጨረሻ የሚሸፍነው ማን ነው?

ከአዘዞ፣ ከማክሰኝት፣ ከቆላድባ፣ ከአምባጊዮርጊስ በየቀኑ ወደ ጎንደር ለሥራና ለገበያ የሚመላለሰው ሕዝብ ብዙ ነው። የመንገድና የድልድይ ነገር በተነሳ ቁጥር ታዲያ «መንግሥት በጀት ከሌለው ባለሀብት ይሥራው፣ እኛም እየከፈልን እንሂድበት» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በብዙ አገር ተሠርቶበታል። የሚያስቸግረው ሰው ነገሩን በሁለት ተቃራኒ መልክ መረዳቱ ነው። ለአንዳንዱ፣ ባለሀብት የሠራው መንገድ ሕዝብ በነፃ ያገኘው ንብረት ይመስለዋል። ለሌላው ደግሞ ገመድ ተወጥሮ ገንዘብ የሚለቀምበት ኬላ ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ጎንደር ዙሪያ እስካሁን የክፍያ መንገድ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራሩን የሚያስረዳ እንጂ ስለ አንድ የተወሰነ ፕሮጀክት የሚናገር አይደለም።

የክፍያ መንገድ ምንድን ነው? አገራችን ውስጥ ያሉትስ የባለሀብት ናቸው?

የክፍያ መንገድ ተጠቃሚው ባለፈ ቁጥር ወይም በተጓዘው ኪሎ ሜትር ልክ የሚከፍልበት መንገድ ነው። ታሪፉ አስቀድሞ ተወስኖ በሰሌዳ ይለጠፋል፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም በሒሳብ መዝገብ ገብቶ ኦዲት ይደረጋል። ከዘፈቀደ ኬላ የሚለየው በዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ነው። የድሬዳዋ–ደወሌውና ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ተከትለዋል። አንዳቸውም ግን በግል ገንዘብ የተሠሩ አይደሉም። ለአዲስ አበባ–አዳማው ከግማሽ በላይ የሆነውን ገንዘብ ያበደረው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ሲሆን ቀሪውን መንግሥት ሸፍኗል፤ ክፍያውን የሚሰበስበውም የመንግሥት ድርጅት ነው። ባሕር ዳር ላይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ ያለ ክፍያ የሚታለፍ ነው።

በግል ገንዘብ የሚሠራው ዓይነት የሚመራው በ2010 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ፣ ቁጥር 1076/2010 ነው። ጉዳዩን የሚያስተባብረው የገንዘብ ሚኒስቴር ሲሆን ፕሮጀክቶችን የሚያጸድቅ ቦርድም አለው። በዚህ አሠራር ባለሀብቱ መንገዱን አይገዛም። መሬቱም መንገዱም የሕዝብ ሆነው ይቆያሉ። ባለሀብቱ የሚያገኘው ለተወሰነ ዘመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ የመሥራት፣ የማስተዳደርና ክፍያ የመሰብሰብ መብት ነው። ይህን መብት የሚሰጠው ሰነድ የኮንሴሽን ውል ይባላል።

ባለሀብቱ ገንዘቡን ከየት ያመጣል?

አብዛኛውን ከኪሱ አያወጣም፤ ይበደራል። በመጀመሪያ ለዚያ መንገድ ብቻ አንድ የፕሮጀክት ኩባንያ ይቋቋማል። ባለአክሲዮኖች ከጠቅላላ ወጪው ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ያዋጣሉ፣ ቀሪውን ባንኮች ያበድራሉ። ብዙውን ጊዜ የብድሩ ዋና መያዣ ሕንፃ ወይም መሬት ሳይሆን ወደፊት ከሚያልፉ መኪኖች የሚሰበሰበው ክፍያ ነው። ስለዚህ ባንኩ ከማበደሩ በፊት ከምህንድስናው እኩል አጥብቆ የሚመረምረው «በቀን ስንት መኪና ያልፋል?» የሚለውን ነው።

የገጠር ወፍጮ ቤትን ማሰብ ነገሩን ያቀለዋል። ቀበሌው ቦታ ይሰጣል፤ አንድ ሰው ተበድሮ ሞተሩንና ድንጋዩን ያስተክላል፤ ባለእህሉ በኩንታል ማስፈጫ ይከፍላል፤ በስምምነቱ መሠረት ከ20 ዓመት በኋላ ወፍጮው ለቀበሌው ይሆናል። የሞተሩን ዋጋ፣ የብድሩን ወለድ፣ የናፍጣውንና የባለወፍጮውን ትርፍ ሁሉ የሸፈነው እህሉን ያስፈጨው ሰው ነው። ባለወፍጮው ያደረገው ገንዘቡን አስቀድሞ ማምጣትና «እህል ባይመጣስ?» የሚለውን ሥጋት መሸከም ነው። በመንገድም ላይ ዋናው ክርክር ያ ሥጋት በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚለው ነው።

አንድ ማለፊያ ስንት ብር ሊሆን ይችላል?

ቁጥር ካልተቀመጠ ይህ ነገር አይገባም። የሚከተለው ለስሌት ብቻ የተወሰደ ምሳሌ ነው፤ የማንም ፕሮጀክት ዋጋ አይደለም።

አንድ ድልድይና ከሱ ጋር የተያያዘ አጭር መንገድ 3 ቢሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ከዚህ 2 ነጥብ 1 ቢሊዮኑ በ15 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚመለስ ብድር ነው፤ 900 ሚሊዮኑ ደግሞ በዓመት 20 በመቶ ትርፍ የሚጠብቁ ባለአክሲዮኖች ያዋጡት ነው። ለብድሩ በየዓመቱ 335 ሚሊዮን ተኩል ያህል ብር መከፈል አለበት። ለባለአክሲዮኖቹ 185 ሚሊዮን ገደማ ይወጣል። ለጥገና፣ ለሠራተኛ፣ ለመብራትና ለጥበቃ 60 ሚሊዮን እንመድብ። ድምሩ በዓመት 580 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

በቀን 5,000 ተሽከርካሪ ቢያልፍ በዓመት 1 ሚሊዮን 825 ሺህ ማለፊያ ነው። 580 ሚሊዮኑ ለዚህ ሲካፈል አንዱ ማለፊያ በአማካይ 318 ብር ይመጣል። የራሱን መኪና እየነዳ በወር 24 ቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው ከ15 ሺህ ብር በላይ ይከፍላል ማለት ነው። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ላይ ግን ያው 318 ብር ሲከፋፈል ለአንድ ተሳፋሪ 26 ብር ተኩል ይደርሰዋል፤ በወር ደርሶ መልስ 1,270 ብር ገደማ ማለት ነው። ከባለመኪናው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ በየቀኑ በሚኒባስ ለሚመላለስ የቀን ሠራተኛ ግን ትንሽ አይደለም።

አሁን ቁጥሮቹን እናንቀሳቅሳቸው። የኮንሴሽኑን ዘመን ከ20 ወደ 30 ዓመት ብናራዝም ክፍያው ምን ያህል ይቀንሳል? ብዙ ሰው ሲሶ ያህል ይቀንሳል ብሎ ይገምታል። የሚቀንሰው ግን 11 ብር ገደማ ብቻ ነው። ወለዱ ከፍተኛ በሆነበት አገር የመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት ገቢ ከዛሬ ተነስቶ ሲታይ ዋጋው ጥቂት ስለሆነ ነው። «ዘመኑን ካራዘማችሁልን ታሪፉን እንቀንሳለን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ስሌቱን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለ11 ብር ቅናሽ የሕዝብ መንገድ ተጨማሪ 10 ዓመት ይያዛል።

ወለዱን ከ15 ወደ 8 በመቶ ማውረድ ግን 67 ብር ያህል ይቀንሳል። ከግንባታው ወጪ ግማሹን መንግሥት ቢችል ደግሞ ማለፊያው ወደ 175 ብር ይወርዳል። ይህ የመጨረሻው ዘዴ በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ፕሮጀክቱ ለሕዝብ ጠቃሚ ሆኖ በክፍያ ብቻ ራሱን መቻል ሲያቅተው የጎደለውን መንግሥት ይሞላል። «ሙሉ በሙሉ የግል» ተብሎ የሚነገርለት ፕሮጀክት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የመንግሥት ድጋፍ፣ የታክስ ነፃነት ወይም ዋስትና ይኖራል። የመንግሥት ገንዘብ ሳይገባባቸው የተሠሩም አሉ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራ አሮጌ ድልድይ በ2008 ሲዘጋ፣ አንድ የግል ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ከውኃው በላይ 44 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ ድልድይ ሠርቶ በ2012 ከፍቷል። የሳውዝ ኖርፎክ ጆርዳን ድልድይ ይባላል፤ በዙሪያው ካሉ ከተሞች ለሥራ የሚመላለሱ ሰዎች ይጠቀሙበታል።

ምሳሌያችን ያላካተተው አንድ ወጪ አለ፤ የመዘግየት ወጪ። ብድሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሥራው አንድ ዓመት ቢዘገይ፣ አንድም መኪና ሳያልፍ 315 ሚሊዮን ብር ወለድ ይጨመራል። በአገራችን የመንገድ ሥራን ከሚያዘገዩት ዋነኛው ደግሞ የወሰን ማስከበር ጉዳይ ነው፦ ቤት፣ አጥር፣ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ መስመር፣ መቃብር። መሬቱን ነፃ አድርጎ የማስረከብ ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ስለሆነ፣ ካሳ ሳይከፈል ውል ከተፈረመ የመዘግየቱ ኪሳራ ዞሮ ወደ ሕዝብ ይመጣል።

መኪናው በተተነበየው ልክ ባይመጣስ?

በምሳሌያችን 5,000 ተብሎ የተገመተው 2,500 ሆኖ ቢገኝ፣ ወጪውን ለመሸፈን አንዱ ማለፊያ 636 ብር መሆን ነበረበት። በዚያ ዋጋ ደግሞ ከ2,500ውም የሚሸሽ ይኖራል። ታሪፍ በጨመረ ቁጥር መኪና ይቀንሳል፤ መኪና በቀነሰ ቁጥር ታሪፍ መጨመር ያስፈልጋል። የክፍያ መንገዶችን የሚያከስራቸው ይህ አዙሪት ነው።

በዋሽንግተን አቅራቢያ በ1995 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ደለስ ግሪንዌይ የተባለው የግል መንገድ በቀን 34,000 መኪና ያስተናግዳል ተብሎ ተተንብዮ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የመጣው ከዚያ ሲሶ ያህል ነበር። ኩባንያው ክፍያውን ከ1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ለማውረድ ተገደደ፣ ቀጥሎም ብድሩን በወቅቱ መክፈል አቃተው። መንገዱ አልተዘጋም፤ ብድሩ እንደገና ተዋቅሮ ቀጠለ። ኪሳራው ግን በባለሀብቱና በአበዳሪዎቹ ላይ ወደቀ።

ደቡብ ኮሪያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የግል ገንዘብ ለመሳብ ስትል «ገቢው ከተተነበየው ይህን ያህል በመቶ ካልደረሰ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል» የሚል ዋስትና ሰጠች። የዝቅተኛ ገቢ ዋስትና የሚባለው ይህ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ወደተከፈተው ወደ ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ የመጣው መኪና ከትንበያው እጅግ ያነሰ ሆኖ መንግሥት ለዓመታት ልዩነቱን ሲከፍል ኖረ። ኮሪያ ይህን ዋስትና በ2009 አስቀረችው። የዋስትናው ክፉ ጎን ትንበያውን የሚያጋንን ሰው እንዳይቀጣ ማድረጉ ነው፤ ትንበያው በተጋነነ ቁጥር ዋስትናውም አብሮ ይጨምራል።

ትንበያ የሚሳሳትበት የታወቀ ምክንያት አለ። ሰው በመጠይቅ ሲጠየቅ «እከፍላለሁ» ይላል፤ ኪሱ ሲገባ ግን ይለወጣል። የሚከፍለው የሚተርፈው ጊዜ ከሚወጣበት ገንዘብ ሲበልጥበት ነው። ገቢው ዝቅ ባለበት አካባቢ 20 ደቂቃ ለማትረፍ ብዙ የሚከፍል ሰው አይበዛም። ጥሩ ጥናት በገበያ ቀንና በአዘቦት ቀን፣ በመኸርና በክረምት፣ ለየብቻ ይቆጥራል። ቅዳሜ ብቻ ተቆጥሮ በ365 የተባዛ፣ ወይም ከመተማና ከሑመራ ሰሊጥ በሚጫንበት ወቅት ብቻ የተቆጠረ ትራፊክ ያሳስታል።

በክልላችን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዶች በተደጋጋሚ ለቀናት ተዘግተዋል። በኮንሴሽን ውል ውስጥ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ የሚባል አንቀጽ አለ፤ መንገዱ በግጭት፣ በጎርፍ ወይም በመሬት መንሸራተት ሲዘጋ የብድሩን ክፍያ ማን እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። አንዳንዱ ውል የተዘጋውን ጊዜ ያህል ዘመኑን ያራዝማል፣ ሌላው መንግሥትን ካሳ ያስከፍላል። ይህ አንቀጽ ሥጋቱን በግልጽ ካላከፋፈለ አበዳሪ አይገኝም፤ ቢገኝም ወለዱ ይወደዳል።

ብር ከዶላር አንጻር ቢወርድስ?

8 በመቶ ወለድ የተባለው ብድር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዶላር ነው። የጎንደር ሰው ግን የሚከፍለው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳ የነበረበት ኩባንያ ምንም ተጨማሪ ሳይበደር የዓመት ክፍያው በብር ሲታይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ኬንያ ይህን አይታለች። 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የናይሮቢ ፈጣን መንገድ በቻይና ኩባንያ ገንዘብ ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። የውሉ ዘመን 27 ዓመት ነው። ክፍያው በሽልንግ ቢሰበሰብም ከዶላር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሽልንግ ሲዳከም በጥር 2024 ሙሉውን መንገድ የሚሄድ ትንሽ መኪና ክፍያ ከ360 ወደ 500 ሽልንግ ከፍ ተደረገ። የተጠቃሚው ደመወዝ ግን አብሮ አልጨመረም። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ታሪፍ በምን እንደሚስተካከል የሚገልጸው ቀመር ከመነሻው ታሪፍ ይልቅ ያሳስባል። ከአገር ውስጥ የዋጋ ንረት ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ከዶላር ጋር? በዓመት ቢበዛ ስንት በመቶ? የሚያጸድቀው አካል ማን ነው?

መክፈል ካልፈለግሁ በየት ልሂድ?

ተጠቃሚው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህን ይመስለናል። ከአዲስ አበባ አዳማ በቢሾፍቱ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ያለ ክፍያ ክፍት ነው። በናይሮቢም ከላይ ያለው ሲከፈልበት ከታች ያለው በነፃ ይኬድበታል። አማራጩ እስካለ ድረስ ታሪፉ ገደብ አለው፤ ሲበዛ ሰው ወደ አሮጌው ይመለሳልና።

አማራጭ በሌለበት ግን ነገሩ ይከፋል። በስኮትላንድ የስካይ ደሴትን ከየብስ የሚያገናኘው ድልድይ በግል ገንዘብ ተሠርቶ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የመኪና ማሻገሪያው ጀልባ ቆመ። ነዋሪው ለደርሶ መልስ በበጋ ከ11 ፓውንድ በላይ ይከፍል ነበር። «አንከፍልም» ብለው የተከሰሱ ብዙዎች ናቸው። በመጨረሻ መንግሥት በታኅሣሥ 2004 ድልድዩን በ27 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ክፍያውን አስቀረ። በናይጄሪያ ሌጎስ የሌኪ መንገድ ላይም ክፍያ በ2011 ሲጀመር ነዋሪው ተቃውሞ ወጥቶ ነበር፤ ክፍያው የመጣው ቀድሞ በነፃ ይሄዱበት በነበረ መስመር ላይ መሆኑ አስቆጥቶታል።

ባለሀብቱ በበኩሉ አማራጩ እንዳይሻሻል ይፈልጋል። በአንዳንድ ውሎች ውስጥ መንግሥት በአቅራቢያው ሌላ መንገድ እንዳይሠራ ወይም ያለውን እንዳያሰፋ የሚከለክል አንቀጽ ይገባል። ይህ አንቀጽ ካለ ነፃው መንገድ ለ20 ዓመት ባለበት ይቀራል ማለት ነው፤ መንግሥት አስፋልቱን ልጠግን ቢል እንኳ ካሳ ልጠየቅ እችላለሁ ብሎ ሊያመነታ ይችላል። ጥገናና ደኅንነት ከክልከላው ውጭ መሆናቸው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ወደ ጎንደር የሚገቡ መንገዶች ላይ ደግሞ መኪና ብቻ አይደለም የሚሄደው። ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ እህል የጫነች አህያ አለች፣ ከብት የሚነዳ እረኛ አለ፣ በእግሩ ገበያ የሚወጣ አለ። ፈጣን የክፍያ መንገድ በአጥር ይከለላል፤ ባጃጅና ጋሪ አይገቡበትም። አጥሩ ቤትን ከማሳ፣ መንደርን ከቤተ ክርስቲያን እንዳይለይ በተገቢ ርቀት የእግረኛና የከብት መሻገሪያ ከሥር ወይም ከላይ መሠራት አለበት። በንድፉ ላይ ተረስተው ኋላ ከመጨመር በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ማካተቱ ብዙ ይረክሳል። ሰው መሻገሪያ ካጣ አጥሩን ቆርጦ ይሻገራል፤ የሚሞተውም እዚያ ላይ ነው።

በየቀኑ የሚመላለሰውን ለማገዝ ቅናሽ ይደረጋል። ከደቡብ አፍሪካ ወደ ማፑቶ በሚወስደው ኤን 4 መንገድ፣ ውሉ በ1997 እ.ኤ.አ. ለ30 ዓመት የተፈረመ ነው፣ በክፍያ ጣቢያዎቹ አቅራቢያ ለሚኖሩና ለሚያዘወትሩ ተጠቃሚዎች ዝቅ ያለ ታሪፍ አለ። ለሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶች የተለየ ታሪፍ ማውጣትም የተለመደ ነው። ነገር ግን ቅናሹ ለባለመኪናው ብቻ እንዳይቀር ከተሳፋሪ ታሪፍ ጋር መያያዝ አለበት።

ነዳጅ ስቀዳ ለመንገድ እየከፈልኩ ለምን ድጋሚ?

በነዳጅ ላይ የሚጣለው የመንገድ ፈንድ ክፍያ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ ሲሆን ዓላማው ያሉትን መንገዶች መጠገን ነው። አዲስ መንገድ የተሠራበትን ብድር አይመልስም። የክፍያ መንገድ ተጠቃሚ ሁለቱንም ይከፍላል፤ ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

አይሱዙና ተሳቢ ለምን ብዙ ይከፍላሉ?

መንገድን የሚያፈርሰው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በአንድ አክሰል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ፣ ላይ የሚያርፈው ጭነት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ፍተሻ የተገኘው ሕግ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ እንደሚሆን ያሳያል። 10 ቶን የተሸከመ አክሰል ግማሽ ቶን ከሚሸከም የትንሽ መኪና አክሰል 160,000 ጊዜ ያህል ይበልጥ አስፋልቱን ይጎዳል። በተፈቀደው ላይ 20 በመቶ ብቻ ቢጨመር ጉዳቱ በእጥፍ ያድጋል።

ስለዚህ ታሪፍ በአክሰል ብዛት ይከፋፈላል፣ ከክፍያ ጣቢያው በፊትም ሚዛን ይተከላል። ሚዛኑ ካልሠራ ወይም በገንዘብ የሚታለፍ ከሆነ ለ15 ዓመት የታሰበው አስፋልት በ7 ዓመት ያልቃል፤ የጥገናው ዋጋም ተመልሶ ታሪፍ ውስጥ ይገባል። በጎን የሚያልፍ ነፃ መንገድ ካለ ደግሞ ከልክ በላይ የጫነው መኪና ሚዛኑን ሽሽት ወደዚያ ይዞራል፤ ሚዛን በሁለቱም ላይ መኖር አለበት።

ድልድዩ ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?

የሚያስወድደው ከላይ የሚታየው ኮንክሪት ሳይሆን ከሥር ያለው ነው። ከአዘዞ ወደ ደምቢያና ወደ ጣና ሲወረድ መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መንገድ በቀጥታ ከተቀመጠበት አስፋልቱ ከዳር ጀምሮ በቁመቱ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ዋልካውን እስከ 1 ሜትር ድረስ ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት፣ የመንገዱን ትከሻ ውኃ በማያስገባ ንጣፍ መሸፈን፣ ቦዩን ከመንገዱ ሥር አርቆ መቅደድ ነው። እነዚህ ሦስቱ በቅናሽ ዋጋ ላሸንፍ የሚል ተቋራጭ ቀድሞ የሚቀንሳቸው ናቸው።

ድልድይን በብዛት የሚጥለው ጎርፍ ነው። ውኃው በምሰሶው ዙሪያ እየተሽከረከረ ከሥሩ ያለውን አሸዋና አፈር ይጠርጋል፤ ከላይ ምንም ሳይታይ ምሰሶው ባዶ ላይ ይቆማል። እንደ መገጭ ያሉ በክረምት ድንገት የሚሞሉ ወንዞች ላይ መሠረቱ ውኃው ሊጠርግ ከሚችለው ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ከዐለት ርቆ ደለል በበዛበት ሜዳ ላይ ይህ ማለት ጥልቅ ፓይል፣ ማለትም ወደ መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚገባ የኮንክሪት ወይም የብረት ምሰሶ፣ ነው። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ፤ ርብን የመሰሉ ወንዞች የሚያመጡት ደለል የወንዙን ወለል ከፍ እያደረገ ከድልድዩ ሥር ያለውን ክፍተት ያጠብባል፣ ጎርፉም በላይ ይፈስሳል። የመሬቱ ቁፋሮ ምርመራ ውል ከመፈረሙ በፊት በእያንዳንዱ ምሰሶ ቦታ ካልተደረገ በሥራ መካከል ያልታሰበ መሬት ይገኛል፣ ዋጋው ይንራል፣ ክርክሩ ይጀመራል።

ክፍያው እንዴት ይሰበሰባል?

ሁለት ዓይነት ነው። በአጭር መንገድና በድልድይ ላይ አንድ ጣቢያ ይተከልና ሁሉም አንድ ዋጋ ይከፍላል። በረጅም መንገድ ላይ ሲገቡ ካርድ ወስዶ ሲወጡ በኪሎ ሜትር መክፈል ነው፤ የአዳማው እንዲህ ነው። በእጅ የሚሰበስብ አንድ መስኮት በሰዓት ከ300 እስከ 400 መኪና ያሳልፋል። ጠዋት በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 900 መኪና የሚመጣ ከሆነ ሦስት መስኮት ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢዘጋ ሰልፉ ከድልድዩ ያተረፈውን ጊዜ መልሶ ይበላዋል። በመስታወት ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮኒክ መለያ የሚከፈልበት መስመር ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ለመሥራት ግን የሰሌዳ መዝገቡ የተስተካከለ፣ ኔትወርክና መብራት የማይቋረጥ መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተርና ኔትወርክ በሌለበት ክፍያውን መዝግቦ የሚያቆይ ሥርዓት ከሌለ ወይ መኪናው ይቆማል ወይ ገንዘቡ ያለ ደረሰኝ ይሰበሰባል።

ውሉ ሲያልቅ ክፍያው ይቀራል?

የግድ አይደለም። በለንደን ምሥራቅ በዳርትፎርድ የሚገኘው በ1991 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ድልድይ በግል ገንዘብ የተሠራ ነበር። ዕዳው በ2002 ተከፍሎ አለቀ፤ በ2003 ግን መንግሥት ክፍያውን መጨናነቅን ለመቀነስ በሚል እንዲቀጥል አደረገ። ክፍያው በምን ቀን እንደሚቆም ወይም እስከ ጥገና ወጪ ብቻ እንደሚወርድ በውሉ ካልተጻፈ ይቆማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ርክክቡ ራሱ ሥራ አለው። አስፋልት ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል፣ ድልድይ 75 ወይም 100 ዓመት እንዲቆይ ይነደፋል። ባለሀብቱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ገንዘብ ማውጣት ስለማይፈልግ ያለ ጥንቃቄ የተፈረመ ውል ያለቀ አስፋልት ያስረክባል። ይህን ለመከላከል ውሉ ከመጠናቀቁ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ ገለልተኛ መሐንዲስ ይመረምራል፦ የአስፋልቱን ቀሪ ዕድሜ፣ በድልድዩ ወለልና በምሰሶው መካከል ያለውን ድጋፍ፣ የወለሉን መገጣጠሚያ፣ የምሰሶዎቹን ሥር። የሚጎድለው ተዘርዝሮ ዋጋው ይሰላል፣ በዚያ ልክም ከየወሩ ገቢ ተቀንሶ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ባለሀብቱ ካልጠገነ ገንዘቡን መንግሥት ይወስዳል። የዝግ ሒሳቡ ቁጥር፣ የሚቀመጠው መጠንና የመሐንዲሱ ሪፖርት ለሕዝብ የሚገለጽበት ጊዜ መግባት ያለባቸው ውሉ በሚፈረምበት ቀን ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ድርድር ቢከፈት ባለሀብቱን እንዲስማማ የሚያስገድደው ነገር የለም።